ስንተኛ ነን?

ጎል ሲገባ ዘሎ የሚነሳን ሰው ይቅር እላለሁ። ሻዬን ቢደፋብኝ፣ እግሬን ቢረግጠኝ፣ የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አንቆ ቢስመኝ ይቅር እላለሁ፤ ጎል ነው፣ ምን ይደረጋል። ይቅር ማለት የሚያቅተኝ የደረጃ ሰንጠረዥ ሲመጣ የሚነሳውን ነው።

ዲኤስቲቪ ቤት የሚያመሽ ሁሉ ያውቀዋል። በእረፍት ሰዓት ያ የ36 ቡድን ዝርዝር ብቅ ይላል። ጽሑፉ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ላለ ሰው አይነበብም። ፊት የተቀመጠው ይነሳና ቴሌቪዥኑ ስር ይቆማል፤ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ከላይ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። «ተቀመጥ እንጂ!» ይባላል። «ቆይ አንዴ... ስንተኛ ነን?» ይላል። የፈለገውን ሳያገኝ ሰንጠረዡ ይሄድና ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ ዞር ብሎ ሁላችንንም በቅሬታ ያየናል፤ የከለልነው እኛ ይመስል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ስል የአባቶቻችንን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ማለቴ ነው። ቻምፒዮንስ ሊግ ስምንት ምድብ ነበረው፣ በየምድቡ አራት ቡድን። ሁለቱ ያልፋሉ፣ ሦስተኛው ወደ ዩሮፓ ሊግ ይወርዳል፣ አራተኛው ቤቱ ይገባል። አራት ስም ለማንበብ ማንም ከወንበሩ አይነሳም ነበር።

ከዚያ ምድብ የሚባለው ነገር ቀረ። 36 ቡድን አንድ ላይ ተሰለፈ። እያንዳንዱ ከስምንት የተለያዩ ቡድኖች ጋር ይጫወታል፤ አራቱን በሜዳው፣ አራቱን ከሜዳው ውጪ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ የወጣ በቀጥታ 16ቱ ውስጥ ይገባል። ከ9ኛ እስከ 24ኛ ያለው ሌላ የደርሶ መልስ ማጣሪያ ይጠብቀዋል። ከ25ኛ ጀምሮ ያለው ተሰናባች ነው። ይህን አሁን በአራት መስመር ጻፍኩት እንጂ፣ ሰፈራችን ውስጥ ተብራርቶ እስኪያልቅ መስከረም ጠብቶ ጥር ደርሷል።

ያብራራልን «ቲቸር» ነው። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራው። ወረቀት ስለማይዝ ሒሳቡን የሚሠራው ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ በጣለው የቤቲንግ ትኬት ጀርባ ላይ ነው፤ የወደቀ ትኬት ደግሞ በዚያ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። 36 በ8 አባዛ፣ ለ2 አካፈለ፦ 144። ማጣሪያውንና ጥሎ ማለፉን እስከ ፍፃሜው ደመረ፦ 45። ጠቅላላ 189 ጨዋታ። ድሮ ስንት ነበር? 125። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዞሮ አየን።

«64 ጨዋታ ጨምረዋል። የኳታሩ ዓለም ዋንጫ ስንት ጨዋታ ነበረው?»

ማንም አልመለሰለትም።

«64! አንድ ሙሉ ዓለም ዋንጫ በየዓመቱ መሀል ላይ ሸጉጠውብናል፤ እናንተ ግን ስንተኛ ነን ትላላችሁ።»

ቲቸርን የሚያበሳጨው ግን ብዛቱ አይደለም፤ አስተማሪ ነውና ብዛት ለምዷል። የሚያንገበግበው የደረጃው አወጣጥ ነው። «ለ36 ተማሪ የተለያየ ፈተና ሰጥቼ አንድ ላይ ደረጃ ባወጣላቸው፣ ወላጅ ትምህርት ቤቱን አያቃጥለውም?» ይላል። እውነቱን ነው። ሁለት ቡድኖች ፊት ለፊት ሳይተያዩ አንደኛው ሌላውን በጎል ልዩነት ያስወጣዋል።

እጣው የወጣበትን ማታ አንረሳውም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሞናኮ ሮናልዶንና ቡፎንን መድረክ ላይ አወጧቸው። ቡፎን ኳሷን ከሳህኑ ያነሳል፣ ሮናልዶ ቁልፍ ይጫናል፣ የቀረውን ኮምፒውተር ይጨርሳል። ዩኤፋ ሁሉንም በእጅ እናውጣ ብንል ሰዓታት ይፈጃል ብሎ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡትና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ይህን ዐይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ያን ሁሉ ጎል ያገባ ሰውዬ ቁልፍ እንዲጫን ጠሩት?» አሉ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

ጋሼን በደንብ ላስተዋውቃችሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልጉናል። ከጥግ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው፤ ቢዘገዩም ማንም አይቀመጥበትም። የእንግሊዝ ቡድን አይደግፉም። የስፔንም አይደግፉም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አለቀ። ስለዚህ ስለ አውሮፓ ኳስ ሲናገሩ ወገንተኝነት የሌለበት ፍርድ ነው ተብሎ ይታመናል፤ እሳቸውም እንደዚያ ያምናሉ። ፍርዳቸው አጭር ናት፦ «በዛ።»

እኔ ራሴ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ ቀጥላችሁ የምትጠይቁት ስንተኛ እንደወጣን ነው፤ ከዚያ በኋላ የምጽፈውን ሁሉ በዚያች ቁጥር ትመዝኑታላችሁ። እኔም በሌላው ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ ላለ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2013 እሁድ ማታን ያስታውስ። 12 ክለቦች ተነሥተው «የራሳችንን ሱፐር ሊግ አቋቁመናል» ያሉባት ማታ ናት። ከእንግሊዝ ስድስት፣ ከስፔን ሦስት፣ ከጣሊያን ሦስት። የእኛ ሰፈር ደጋፊ ከነዚያ 12 ውጪ ስለማይሆን፣ በአንድ ማታ ሁላችንም ተከዳን። አርሰናሉም ከዩናይትዱ ጋር ተቃቅፎ ያዘነው ያኔ ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ ደጋፊው ሰልፍ ወጣ፤ ማክሰኞ ማታ እንግሊዞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ሱፐር ሊጉ ሁለት ቀን ሳይሞላው ፈረሰ። ድል አድርገን ገባን።

በመካከሉ ሰኞ ነበረች። ሰኞ ዕለት፣ እኛ በ12ቱ ላይ እየጮህን ሳለ፣ ዩኤፋ ይህንን የ36 ቡድን አዲስ አሠራር አጸደቀ። ያኔ ያጸደቀው እንዲያውም እያንዳንዱ ቡድን 10 ጨዋታ እንዲያደርግ ነበር። በዓመቱ ወደ 8 አወረደው። 8 ሲሉን እፎይ አልን፤ 6 እንደነበረ ያስታወሰ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ይህ ነገር ለገንዘብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጨዋታ በበዛ ቁጥር ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ይበዛል፣ ትልቁ ክለብም ቶሎ ወድቆ ገበያው እንዳይቀዘቅዝ መረቡ ይሰፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚደንቀኝ እያወቅን የምንከራከርበት ነው። በሰፈራችን ስለ ፎርማቱ የተሰነዘረን ሐሳብ ሁሉ በጥሞና አድምጫለሁ፤ ከቡድኑ ደረጃ ተለይቶ የቆመ አንድም አላገኘሁም። የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው አቋሙን ያልለወጠው። «ድሮ ቻምፒዮንስ ሊግ ታኅሣሥ ላይ ይቆምና የጥር ማክሰኞና ረቡዕ ወንበሩን ሸረሪት ያደራበት ነበር» ይላል። «አሁን ጥርም ይሠራል። 500 ጨዋታ ያድርጉት፣ ምን ቸገረኝ?»

እሱም ቢሆን አንድ ማታ ተፈትኗል።

ጥር 21 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ አስተርዮ ማርያም። የመጨረሻው ዙር ጨዋታ ነው፤ 18ቱም በአንድ ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራሉ። ቤቱ ያለው ሁለት ቴሌቪዥን ነው። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ደግሞ ከመጸዳጃው በር አጠገብ የተሰቀለች ትንሽ። ከ4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግቢው ሞላ። ባለቤቱ ሪሞቱን እንደ ወትሮው በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል፤ ያን ማታ ግን ከእጁ ወደ ኪሱ አስገባው።

«ሲቲን አድርግ! ዛሬ ካላሸነፍን ወጣን» አለ ጸጉር አስተካካዩ። የሲቲ ደጋፊ ነው። ሲቲ ያን ማታ የገባው 25ኛ ሆኖ ነው።

«ሊቨርፑልን አድርግ» አለ የሚኒባሱ ሾፌር።

«ሊቨርፑል አልፏል እኮ! ተጠባባቂዎቹን ነው ያሰለፈው!»

«ቢሆንስ? አንደኛ የወጣ ቡድን ትንሿ ላይ ይታያል?»

አርሰናሎች በቁጥር ስለሚበልጡ ምንም ሳይናገሩ ትልቁ ስር ተቀምጠው ነበር። ማድሪድና ባርሳ ለአንዴ ተስማሙ፤ ሁለቱንም እያፈራረቀ የሚያሳየውን ቻናል አድርግልን አሉ። ቤቲንግ የቆረጠው ልጅ ደግሞ 18ቱንም በአንድ ትኬት ላይ ስለደረደረ፣ የትኛውም ቢከፈት ግማሽ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ «ሞት የተደገነበት ይቅደም» ብሎ ፈረደ፤ ሲቲና ክለብ ብሩጅ ትልቁ ላይ ወጡ፣ የሚያፈራርቀው ቻናል ትንሿ ላይ። ሾፌሩ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለትልቁ ሰጠ።

እረፍት ሊወጡ ሲሉ ብሩጅ አገባ። 1 ለ 0። ጸጉር አስተካካዩ ቀና አላለም። ይህ ሰውዬ እስከዚያ ማታ ድረስ ፎርማቱን «የስግብግቦች ሥራ» እያለ ሲያጥላላ የከረመ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ደንበኛ ሁሉ፣ መቀሱ ጆሮው ስር ስለሆነ፣ ይስማማለት ነበር። በዚያች እረፍት ግን ተነሥቶ ሰንጠረዡ ስር ቆመ። ጣቱን 24ኛው ላይ አሳረፈ። «አሁን ሁለት ካገባን...» አለ፤ «ለ24ኛም ቦታ አለው እኮ። ፍትሐዊ ነው።»

ከእረፍት መልስ ሲቲ ሦስት አገባ፣ 3 ለ 1 አሸነፈ፣ 22ኛ ሆኖ አለፈ። ክለብ ብሩጅ ተሸንፎ 24ኛ ሆነ፤ እሱም አለፈ። በዚያው ሰዓት ዛግሬብ ላይ ዳይናሞ ኤሲ ሚላንን 2 ለ 1 ረታ፤ ከብሩጅ ጋር እኩል 11 ነጥብ ይዞ በጎል ልዩነት 25ኛ ሆነና ወደቀ። የተሸነፈው ሚላን ማጣሪያው ውስጥ ገባ።

ጋሼ ይህ ሲነገራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። «ያሸነፈው ወጣ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የተሸነፈው አለፈ?»

«ሁለት የተሸነፉ አልፈዋል።»

ዝም አሉና ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል።

ሲቲ በማጣሪያው ማን ደረሰው? ሪያል ማድሪድ። በሜዳው 3 ለ 2፣ ማድሪድ ላይ 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ምባፔ ብቻውን ሦስት አገባ። በማግስቱ ጸጉር ልቆረጥ ሄጄ ነበር። ፎርማቱ እንደገና የስግብግቦች ሥራ ሆኗል። ፍትሐዊነቱ የቆየው ከአስተርዮ ማርያም እስከ የካቲት አጋማሽ ነው።

የሾፌሩ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር የፎርማቱ ጠበቃ እሱ ነበር። «እንደ ሊግ ነው፤ እውነተኛው ጎበዝ ይለያል» እያለ ተሳፋሪ ሳይቀር ያሰለቻል። ሊቨርፑል በ21 ነጥብ አንደኛ ወጣ። 16ቱ ውስጥ የደረሰው ፒኤስጂ ነው፤ 15ኛ የወጣው። ፓሪስ ላይ ሊቨርፑል 1 ለ 0 አሸነፈ፤ አንፊልድ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈና በመለያ ምት ወደቀ።

«አንደኛ ወጥቼ 15ኛ ከወጣው ጋር እንዲህ ካጫወተኝ፣ አንደኛ መውጣት ምን ጠቀመኝ?» አለ ሾፌሩ።

ቲቸር ሊያስረዳው ሞከረ። «ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ አስቀረልህ።»

«አያስቀርልኝ! ልጫወተው!»

ስለ ጨዋታ መብዛት ስድስት ወር የተከራከርነው ሰዎች እኛ ነን እንግዲህ።

ስለ አርሰናሎች የምለው ጥቂት ነው። ሦስተኛ ወጡ፣ ማድሪድን በድምር 5 ለ 1 አሰናበቱ፣ ያን ሰሞን ፎርማቱ ድንቅ ነበር፤ ግማሽ ፍፃሜ ላይ ፓሪሶች ሸኟቸው፤ ከዚያ ስለ ዳኛ እንጂ ስለ ፎርማት አላወሩም። ዩናይትዶች ግን ይገርሙኛል። በቻምፒዮንስ ሊጉ ውስጥ ጭራሽ የሉበትም፤ ስለ ፎርማቱ ግን ከማንም በላይ ያወሩት እነሱ ናቸው። ያልተጠሩበትን ድግስ ወጥ ቀጠነ ማለት እንዴት እንደሚቻል ከእነሱ ተምሬያለሁ። በዩሮፓ ሊግ ፍፃሜ ቢልባኦ ላይ ከቶተንሃም ጋር ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንዱ 15ኛ፣ አንዱ 17ኛ የወጡ ቡድኖች ናቸው። ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፈና፣ 17ኛው ቡድን በቀጣዩ ዓመት ቻምፒዮንስ ሊግ ገባ። ከእንግሊዝ ብቻ ስድስት ቡድን! ቲቸር ይህን ሲሰማ ሌላ የወደቀ ትኬት ፈለገ፤ ከዚያ ተወው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሙኒክ ላይ ፒኤስጂ ኢንተርን 5 ለ 0 አራገፈው። በዚያ ቤት እስከዚያ ማታ ድረስ አንድም የፒኤስጂ ደጋፊ ታይቶ አይታወቅም። ከሦስተኛው ጎል በኋላ ግን ሁለት ሰዎች «እኔ እኮ ድሮም...» ማለት ጀመሩ።

ጋሼ የጠየቁት ሌላ ነው። «ዋንጫውን ለመውሰድ ስንት ጨዋታ አደረጉ?»

ቲቸር በጣቱ ቆጠረ። «17።»

«መጀመሪያ ሲጀመርስ? ማድሪድ ሲወስደው?»

«በ1956 እንደ ፈረንጆቹ? 16 ቡድን ነበር... 7 ጨዋታ።»

«ሰባት» አሉ ጋሼ፤ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ይህን ጥያቄ ለምን እንደጠየቁ ያኔ ገባን። «እኛ የአፍሪካን ዋንጫ በ1954 ስንወስድ ስንት ተጫወትን?»

በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ በፈረንጆቹ 1962፣ እዚሁ አዲስ አበባ። አራት ቡድን ብቻ ነበር የመጣው። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ከዚያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2።

«ሁለት!» አሉ ጋሼ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው። «ሁለት ተጫውተን ዋንጫ ወሰድን። ጃንሆይ ራሳቸው ሰጡ። አሁን 17 ተጫውተው የሚወስዱት ዋንጫ ከዚያ ይበልጣል?»

ቤቱ አጨበጨበ። ቲቸር ሲያጨበጭብ አላየሁትም፤ እያሰበ ነበር። «ጋሼ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ካርቱም ላይ የመጀመሪያው ሲደረግ አንድም ሳንጫወት ፍፃሜ ደርሰን ነበር» አለ። እውነቱን ነው። በ1957 እንደ ፈረንጆቹ ሦስት አገር ብቻ ቀረበ፤ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይዱ ምክንያት ስላልተሳተፈች እኛ ያለ ጨዋታ አለፍንና በፍፃሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን።

«አዎ» አሉ ጋሼ ያለ አንዳች መሸማቀቅ። «ቁጥብ ውድድር ነበር።»

በቀጣዩ መስከረም ክርክሩ እንደገና ተነሣ። ማድሪድ እስከ ካዛኪስታን ተጉዞ፣ አልማቲ ላይ ካይራትን 5 ለ 0 ያሸነፈ ዕለት ነው። ጋሼ «ይሄ ምን ጨዋታ ነው፤ በአውሮፕላን ሄዶ ሕፃን መምታት» አሉ። ቲቸር ግን በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፎርማቱ ተከራከረ። ለእነዚያ ሰዎች፣ አለ፣ ማድሪድ ከተማቸው ድረስ መምጣቱ ራሱ ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው። ሲሰፋ ነው ትንሹም የሚገባው።

«5 ለ 0 መሸነፍን ነው ለልጅ ልጅ የሚነግሩት?»

«ጋሼ፣ ጊዮርጊስ የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባው መቼ ነው?»

ጋሼ ለዚህ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። «በ2009። ከሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስ፣ ከቪታ ጋር። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው።»

«በፈረንጆቹ 2017 መሆኑ ነው። ካፍ ምድቡን ከ8 ቡድን ወደ 16 ያሰፋው መቼ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሾፌሩ ሳይቀር ወንበሩን አዞረ።

«በዚያው ዓመት ነው፣ ጋሼ። በድሮው ቢሆን ኖሮ ምድብ ለመግባት ሌላ አንድ ጥሎ ማለፍ ይቀረው ነበር።»

ጋሼ ቲቸርን አዩት። ቀጥለው ባለቤቱን አዩትና ድምፁን ጨምር በሚል አገጫቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አነሡ።

«የኛ ልክ ነበር» አሉ። «የበዛው የነሱ ነው።»